ችካል

ሥራዬ መለካት ነው፤ ከበር እስከ ገደል፣
በዓመት ሁለት ጊዜ ቁጥር መዝገብ መትከል፤
የምሥራቅ ዮርክሻየር ጭቃማው ዳርቻ፣
ባሕር የሚቆርሰው ያለ ቢላ፣ በጥርሱ ብቻ።

በዊልፍ ስታዘርስ ጓሮ፣ ከጎመኑ መደብ፣ ከዶሮ ቤቱ ጥግ፣
ራሱን ቀይ የቀባሁት የብረት ችካል ቀበርኩ፣ ለቁጥሬ መነሻ፣ ለልኬቴ ሕግ።
ያን ቀን ከችካሉ እስከ ገደሉ ሃያ ሦስት ሜትር ነበረ።
ዊልፍ ሰማና ሳቀ፤ ስለ ነፋስ ጀመረ፦
«ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ፣ ሦስት ሌሊት ሳያባራ፣
ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ፣ ማዕበሉ ሲያጓራ፣
ያን ጊዜ ነው የኔ አዝመራ።»

በጋውን አሸዋው ክምር ላይ ክምር ይደርባል፤
ሕፃናት ግንብ ይክባሉ፤ እንግዳው ፎጣ አንጥፎ ጀርባውን ለፀሐይ ይሰጣል፤
የዊልፍ ብረት ጠቋሚ ዱዳ ነው፤ ሰሙ ወፍሮበት ወርቁ ከክንዱ ይርቃል።

ወጀብ ሲመጣ ግን
አሸዋው እንደ አልጋ ልብስ ተገፎ፣ ሸክላው ራቁቱን ሲቀር፣
ከባድ ከባዱ ይሰበሰባል ከድንጋዩ ሥር፦
የዓሣ አጥማጅ እርሳስ፣ የመርከብ ሚስማር፣
ዝገት፣ ቆርኪ፣ ቁልፍ፣ አልፎ አልፎም ብር።

ዊልፍ ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣ መብራት ግንባሩ ላይ አስሮ፣
ጉልበቱን እየረገመ፣ የፈረሰውን ደረጃ በገመድ ተሻግሮ፣
ይወርዳል።
ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ እንደ ማጭድ ያወዛውዘዋል፤
ጢጥ ሲል ይንበረከካል።

አንድ ክረምት የንጉሥ ፊቱ የተፋቀ ብር አገኘ፣ እንደ ጥፍር የሳሳ፤
በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ወጀብ፣ ስድስት ሜትር መሬት፣ ዶሮ ቤቱም እስከነቆጡ ተነሣ።
ልኬቱን ነገርኩት። በጣቱ አሰበ።
«ስድስት ሜትር በአንድ ብር! ባሕር መቼም አራጣ አበዳሪ ነው» አለ፤ ሳንቲሙን በምላሱ አረጠበ።

ሚስቱ ሄስተር ነፋስ ሲነሣ ሳህኖቿን ትጠቀልል ነበር በጋዜጣ፤
«የሱ በዓል፣ የኔ ለቅሶ» ትላለች፣ ቡኒውን ባሕር በመስኮት እያየች፤ «ይኸው ደግሞ መጣ።»

ዐሥራ ሰባት። ዐሥራ አንድ። አራት ተኩል።
መንገዱ አየር ላይ አለቀ፤ የመብራት ምሰሶው ዘንበል።
ደብዳቤ ጻፍኩ፦ «ቤትዎን ይለቁ ዘንድ በአክብሮት እናሳስባለን።»
እናሳስባለን!
ለባሕሩ ማሳሰቢያ የሚጽፍ ግን እስካሁን አላገኘን።

በኅዳር ለቀቁ፤ አራት ማይል ወደ የብስ ገብተው ኪራይ ቤት አደሩ፤
ሳህኖቹም ተፈቱ፣ አንድም ሳይሰበሩ።
በጥር፣ በሙሉ ጨረቃ፣ ሦስት ሌሊት ነፈሰ፤
በአራተኛው ቀን ሜትሬን ይዤ ሄድኩ፤ በር የለ፣ ደፍ የለ፣ ጎመን የለ፤
ችካሌም አብሯቸው ገሠገሠ።
ዜሮ ልጽፍ አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ሰረዝ አሰመርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣
ዊልፍ ቢሮዬ ገባ፤ ቦቱ ጭቃ፣ ጺሙ ላይ ጨው ደርቆበት፤
በፎጣ የጠቀለለውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ እንቁላል ሰግቶለት።
«ድምፁ ብር መስሎኝ አንድ ክንድ ሙሉ ቆፈርኩ» አለ።
«ንብረትሽን ጥለሽ ነበር።» ዓይኑ ሳቀ፤ ከንፈሩ ግን ዝም አለ።

ፈታሁት። ዝገት በልቶታል፤ ከራሱ ላይ ቀዩ ቀለም ጥቂት ተርፏል።
ሻይ ልቅዳልህ ብለው ሰዓቱን አየ፤ «ዛሬም ማታ ይነፍሳል።»

አሁን ወረቀቴ እንዳይበር እሱን እጭንበታለሁ።
መዝገብ ላይ የጠፋ ልበለው፣ የተገኘ? እስከ ዛሬ አላስገባሁም፤ አስባለሁ።
ማታ ማታ ግን፣ ከቢሮ ስወጣ፣ ጣቴን አርጥቤ ወደ ላይ አነሣለሁ፤
ነፋሱ ከየት እንደሆነ አያለሁ።